ያላነበቡትን መጽሐፍ መከልከል

ወላጆች በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ልጆቻቸው የሚያነቡትን ሊገድቡ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ድሬዳዋ ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጉዳይ አለ፤ እዚህ ከተማ በርካታ ወላጆች ልጃቸው የሚያነብበትን ቋንቋ አያነቡም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ቀፊራ ገበያ ስትነግድ የምትውል፣ በሦስት ቋንቋ ተከራክራ የምትሸጥ፣ ነገር ግን በአንዱም ማንበብ ያልተማረች እናት፣ ልጇ ከቴሌግራም ያወረደችውን ልብ ወለድ ገጽ በገጽ መርምራ «ይህ ይቅርብሽ» ልትላት አትችልም። የሚቀራት በሽፋኑ ሥዕል መፍረድ ወይም ስልኩን መንጠቅ ነው።

ይህን የምለው ገደብ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 17 ልጆች ከልዩ ልዩ ምንጮች መረጃ እንዲያገኙ ሲደነግግ፣ ለደኅንነታቸው ጎጂ ከሆኑ ጽሑፎች የሚጠበቁበት መመሪያ እንዲዘጋጅም ያበረታታል። አንቀጽ 5 ደግሞ የወላጅ አመራር ከልጁ የመረዳት ችሎታ ዕድገት ጋር አብሮ እንዲሄድ ይጠይቃል፤ እንደ እኔ እምነት ክርክሩን የሚፈታው ይኸኛው ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅን ልቅ ከሆነ የወሲብ ታሪክ ማራቅ የወላጅ ግዴታ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የፈለገውን ብቻውን የሚያነብን የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በዚያው ልክ ማጠር ግን ለጥቂት ወራት ብቻ የሚሠራ ጥበቃ ነው።

ታዲያ ማንበብ የማትችለው እናት ምን ታድርግ? ልጇ ያነበበችውን በቤት ቋንቋ እንድትተርክላት ትጠይቃት። በቁርኣን ቤትም ሆነ በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚያነበው ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ነው፤ ያነበቡትን ለታላቅ ማሰማት ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም። ልጅቷ አሳፋሪውን ክፍል ትዘለዋለች የሚል ይኖራል። ትዘለዋለች፤ ነገር ግን ታሪኩ በድንገት ሲያጥር ወይም የልጇ ድምፅ ሲለወጥ የማታስተውል እናት አላውቅም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክልከላ፣ ካስፈለገ፣ ምክንያት ይኖረዋል፤ ልጅቷም ልትከራከርበት ትችላለች።

ከሁሉ የሚከብደው መጽሐፉ ልጄን ከእምነቱ ያወጣዋል የሚለው ሥጋት ነው፤ አላቃልለውም። ይሁንና ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ በሚኖሩባት ከተማ ያደገ ወጣት ጥያቄውን ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከጎረቤት ጓደኛው ሰምቶታል። አባቱ መጽሐፉን ቢቀማው ጥያቄውን ይዞ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። (ልብ ወለዱን ቀምተው ቲክቶኩን የሚተዉ ወላጆች ደግሞ ልጁን ከምን እንደሚጠብቁት አልገባኝም።)

ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። የወላጆች ስብሰባ የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ለውጤትና ለክፍያ ነው፤ ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍቱ አዘውትረው የሚዋሷቸውን መጻሕፍት ይዘት በሦስቱም ቋንቋ በአጭሩ የሚያስረዳ መምህር ቢመደብ፣ ማንበብ የማይችለው ወላጅም ልጁን የሚጠይቀው ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።