ለፈረንጅ ልጅ የተፈቀደ፣ ለጎንደር ልጅ የተከለከለ

ባለፈው ቅዳሜ የልጆቼ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው። ከዘንድሮ ክረምት ጀምሮ ከ8ኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ከሐምሌ 7 እስከ ነሐሴ 15 የማጠናከሪያ ትምህርት ይማራል። ግዴታ ነው። የቀረ ተማሪ በመስከረም ቦታው አይጠበቅለትም። ክፍያው ደግሞ ለብቻው ነው።

እጄን አወጣሁ። «እኛ ከልጆቻችን ጋር ሦስት ሳምንት ውጭ አገር ለመሄድ ከጥቅምት ጀምረን ስንዘጋጅ ነበር። ከሐምሌ 8 እስከ 29 ነው። ምን ይሻላል?» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁን እተወዋለሁ። የርዕሰ መምህሩን መልስ ግን አልተውም። «ጉዞ የፈረንጅ ነገር ነው። የኛ ልጅ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነብ። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ማን ከአባት ከእናቱ ጋር መዞር ይፈልጋል? አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንዳይሆንባችሁ» አሉ። ተጨበጨበላቸው።

ከተረቱ ልጀምር። አባይ ማደሪያ ካገኘ ቆየ። ጉባ ላይ ግድብ ተሠርቶለት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ስንቶቻችን ቦንድ ገዝተንበታል። ለልጆቻችን ንባብ የሚሰብክ ሰው ተረቱን ቢያድስ ምን ነበረበት?

«ጉዞ የፈረንጅ ነገር ነው» የተባለው ደግሞ የት ነው? ጎንደር! ፋሲል ግቢ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ መዝገብ የገባበት ከተማ። ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ ቡና አፍይዋ፣ ጥምቀት ሲደርስ ክፍሉን የሚያከራየው ሁሉ መንገደኛ ሲመጣ የሚስቅ፣ መንገደኛ ሲቀር የሚያዝን ከተማ። እንግዳ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ባለፉት ዓመታት አይተነዋል። አሁን የሌላ ሰው ልጅ ዓለምን ዞሮ እኛ ደጅ ሲደርስ «ስልጡን» ነው። የኛ ልጅ ሲነሳ ብክነት ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። 19 ዓመት በፋሲል ግቢ በር ገብቻለሁ፣ ወጥቻለሁ። ስለዚህ «በዚህ ዕድሜ ልጅ ከወላጅ ጋር መዞር አይፈልግም» የሚለውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አይፈልግም፣ ልክ ነው። እንደ ሻንጣ ከተጎተተ አይፈልግም። እርስዎስ ይፈልጋሉ?

እስቲ ይህን አስቡት። አየር መንገድ ዘንድ የልጅ ዋጋ የሚሠራው እስከ 11 ዓመት ነው። 12 የሞላው የአዋቂ ትኬት ይቆርጣል። ወደ አብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያስገባው የሸንገን ቪዛም ያው ነው። ከ6 እስከ 11 ዓመት 45 ዩሮ፣ 12 ሲሞላ 90 ዩሮ። ከ12 ጀምሮ ራሱ በአካል ቀርቦ አሻራ ይሰጣል። አያችሁ? አየር መንገዱ አዋቂ ብሎታል። ኤምባሲው አዋቂ ብሎታል። ገንዘቡንም እንደ አዋቂ ተቀብለዋል። ልጁን ሕፃን የምንለው እኛ ብቻ ነን። «አንተ ዝም ብለህ ተከተል» እንለዋለን። የአዋቂ ዋጋ ከፍለን የሕፃን ድምፅ እንሰጠዋለን። ከዚያ ሲያኮርፍ «አላልኳችሁም?» እንላለን።

ሁለት ቤተሰብ ልንገራችሁ። አንዱ አባት የየሰዓቱን ፕሮግራም አትሞ ይዞ መጣ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ 3 ሰዓት ፋሲል ግቢ፣ 5 ሰዓት መዋኛው፣ ከሰዓት ቁስቋም። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። የታላቁ ኢያሱ ግንብ ደረጃ ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ፣ በቃ። አባቱ ሰላሳ ሁለት ሜትር ስለሚሆነው የፋሲል ግንብ ስነግረው ዓይኑ ልጁ ላይ ነበር። አልሰማኝም። ልጁም አልሰማኝም። እኔም ራሴን መስማት አቆምኩ።

ሌላዋ እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጣች። ዋጋ ልንነጋገር ስል «ከእሷ ጋር ጨርስ» ብላ 16 ዓመቷን ልጅ አሳየችኝ። የዕለቱ ገንዘብ ልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ነው። ወይ ጉድ! አንገላታችኝ። ሩብ ቀን ብቻ ትፈልጋለች፣ ቀናሽ አለችኝ። ቀነስኩ። ከዚያ ግን አለቀቀችኝም። ግንቦቹ ለምን ተራርቀው ተሠሩ፣ ለምን እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ሠራ፣ የአባቱን ወርሶ ለምን አይኖርም? ከፍላበታለቻ! የከፈለ ሰው ይጠይቃል። ሩብ ቀን የተባለው እስከ ማታ ሄደ።

19 ዓመት ያየሁት ልዩነት ይሄ ብቻ ነው። የፈረንጅና የሐበሻ አይደለም። የሀብታምና የድሃም አይደለም። ትልልቆቹን ልጆች ዕቅዱ ውስጥ ያስገባ ቤተሰብ ደስ ብሎት ይሄዳል። ያላስገባው ተኮራርፎ ይሄዳል። ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። እርስዎም ማምጣት አይችሉም፣ ርዕሰ መምህር።

እኛ ቤት እንዲህ ሆነ። ሴቷ 17፣ ወንዱ 14 ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ደብተር ሰጠኋቸውና ሦስት ዓመት ያጠራቀምነውን ብር እስከ ሳንቲሙ ነገርኳቸው። ባለቤቴ «ልጅ የአባቱን ኪስ ካወቀ ምን ይከብራል?» አለችኝ። ይወቅ! የኪሴን ልክ ያላወቀ ልጅ ነው እኮ በየወሩ አዲስ ስልክ የሚጠይቀኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው ሮም ነበር። እህቴ እዚያ አለች። ልጄ ሁለት ሌሊት ቆጥራ መጣች። «አባባ፣ ለአራታችን ቪዛ 360 ዩሮ ነው። ቢከለክሉንም አይመልሱም» አለች። አሻራ ለመስጠት ከዚህ አዲስ አበባ ድረስ አራት የአውሮፕላን ትኬት። የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ለኢትዮጵያውያን የቪዛ መልስ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል። ይህንንም ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ለእህቴ «እንመጣለን» ብዬ ጨርሼ ነበር። ልጄ ግን ሮምን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው።

ወንድሟ ኬንያን አመጣ። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። እኛ ዘንድ ዶፍ በሚወርድበት ሐምሌ የሞምባሳ ዋናው ዝናብ አልፏል። ስለዚህ ባሕር ማዶ ልንሄድ ተነስተን ባሕር ዳር ቀረን። የሞምባሳውን ባሕር ዳር ማለቴ ነው።

ከዚያ ደብተሩ ሞላ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንደሚጠየቅ፣ ክትባቱም ሊጸና 10 ቀን እንደሚፈልግ ያወቀው የ14 ዓመቱ ነው። በዱር እንስሳቱ የታወቀውን ማሳይ ማራን አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ዋጋውን አይቶ ራሱ ተወው። በምትኩ ናይሮቢ ከተማው ጥግ ያለውን ብሔራዊ ፓርክ አስገባ። አምስት ቀን ናይሮቢ፣ ከዚያ በባቡር ሞምባሳ፣ እዚያ ማብሰያ ያለው ቤት ተከራይተን ሁለት ሳምንት። የቀሩት ቀናት የመንገድ ናቸው። በክረምት ጭጋግ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበትን አዘዞን ከሸፈነ አውሮፕላኑ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ስንሄድም ስንመለስም አዲስ አበባ አንድ አንድ ሌሊት ይዘዋል። ሐምሌ 29 እንድንመለስ የወሰነችውም ልጄ ናት። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። «እማማ ፍልሰታን ባሕር ዳርቻ ነው የፈቱት ብላ ታወራብናለች» አለች። አያቷን ታውቃታለች።

ብሩ ሐምሌ 2016 ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ማለፉን ቤታችን ውስጥ በደንብ የሚያስታውሰው ማን ይመስላችኋል? ዋጋውን ሁሉ በዶላር ጽፋ፣ «ለምንዛሬ» ብላ ከላዩ 15 ከመቶ የጨመረችው ናት። የኢኮኖሚክስ መምህሯ ይህን አስተምረዋታል? እንጃ። ፈተና ላይ አልመጣ ይሆናል።

ወንዱ ስዋሂሊ ጀምሯል። ሃምሳን «ሃምሲኒ» እንደሚሉ አገኘ። ሰዓታቸውን እንደኛ ከንጋት እንደሚቆጥሩ፣ የጠዋቱን አንድ ሰዓት አንድ እንደሚሉት ሲያነብ ከአልጋው ተነስቶ ቀሰቀሰኝ። ሞምባሳ ያለውን የፖርቱጋሎች ምሽግ አየ። በ1593 ነው የተጀመረው፣ በፈረንጆቹ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ጎንደር ከመቆርቆሯ 43 ዓመት በፊት ነው! ፋሲል ያባረራቸው ኢየሱሳውያን እዚያ አልፈው ይሆን?» አለኝ። 19 ዓመት ሳስጎበኝ ይህን ጥያቄ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ይሄ ልጅ ነው እንግዲህ ቁጭ ብሎ እንዲያነብ ግዴታ የተጣለበት።

«ፈተናውስ?» ትሉኛላችሁ። በስብሰባውም ተጠቅሷል። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው ተብሎ አዳራሹ ጭጭ አለ። እሺ። የቀሩት 94.6 ከመቶ የት ነበሩ? ሞምባሳ ሲዋኙ ነበር? ሮም ፒዛ ሲበሉ? እዚሁ ነበሩ እኮ! ክፍል ውስጥ፣ ቱቶሪያል ውስጥ፣ ወይ ትምህርት ተቋርጦ ቤት ውስጥ። አንድም ልጅ በጉዞ አልወደቀም። ከተቀመጡት መካከል ይህን ያህል የሚወድቅ ከሆነ መቀመጥ መድኃኒት ነው የሚለውን ከየት አመጣችሁት?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። በዚያው ሐምሌ 12ኛ ክፍል የሚፈተን ልጅ ያለው ሰው ትኬት አይቁረጥ። የኔ ልጅ ግን የምትፈተነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ሦስት ሳምንት ሄዳ ብትመለስ ነሐሴ ሙሉውን አለላት። ከዚህ በላይ አልቀበልም።

«በዚህ ኑሮ ውድነት» የሚሉም አሉ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ጮክ ብሎ ብሏታል። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ጥር ለልጁ ሠርግ ድንኳን ጥሎ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ ሦስት ቀን አብልቶናል። እግዜር ይስጠው፣ በልቻለሁ። ግን ያ ብር በሦስት ቀን ሲያልቅ ብክነት ያለው ሰው አልነበረም። የኔ በሦስት ሳምንት ሲያልቅ ብክነት ሆነ። የማጠናከሪያውስ ክፍያ? ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው ይባላል። እኔ አላልኩም፣ ተረት ነው። ተረት ደግሞ የጀመሩት እርሳቸው ናቸው።

ትኬቱን ማክሰኞ ቆርጠናል። አራት የአዋቂ። ልጄ ትናንት ማታ ደብተሩን ይዛ መጣች። ከሐምሌ 8 እስከ 29 ያሉትን የትምህርት ቀናት ቆጥራ፣ ከማጠናከሪያው ክፍያ ላይ ስንት መቀነስ እንዳለበት አስልታለች። ደብዳቤውንም ራሷ ጽፋ፣ እኔ እንድፈርምበት ቦታ ትታልኛለች። ዛሬ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሰጠሁ። «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለርዕሰ መምህሩ ነው፣ ቁጭ ብለው እንዲያነቡት» አልኳት።