ስድስት እግር ይራቁ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እማማ በሬን አንኳኩ። እጃቸው ላይ ከስቴቱ የመጣ ፖስታ አለ። “ልጄ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ። አማርኛ ናት መሰለኝ” አሉኝ።

“መሰለኝ” ያሏትን ልብ በሉልኝ። እማማ 74 ዓመታቸው ነው። ጋዜጣ ከነማስታወቂያው አንብበው የሚጨርሱ ሴት ናቸው። አማርኛ መሆኑን ለመለየት ሁለተኛ ሰው የሚያስፈልገው ጽሑፍ የገጠማቸው አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ነው።

አነበብኩላቸው። “ውድ ነዋሪ፣ የእርስዎን የውድቀት ማጠናከሪያ ተኩስ ለመቀበል ጊዜው ደርሷል።”

እማማ አማተቡ። “ምን አጠፋሁ?” አሉ።

ምንም አላጠፉም። ስቴቱ ብርዱ ሳይገባ የኮቪድ ክትባትዎን ይውሰዱ ማለቱ ነው። ፎል የሚባለው ወቅት ውድቀት ሆነ። ሾት የሚባለው መርፌ ተኩስ ሆነ። ወረድ ብሎ ደግሞ “ሰልፉ ረጅም ሊሆን ስለሚችል እባክዎ ታካሚ ይሁኑ” ይላል። ይታገሡ ለማለት ነው፤ ፔሸንት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ታጋሽም ታካሚም ይሆናል። ይቺኛዋ እንኳ እውነት አላት። በዚያ ብርድ ሁለት ሰዓት ውጭ የቆመ ሰው ታካሚ መሆኑ አይቀርም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳለ አውቃለሁ። ለሳቅ ብላችሁ ፍሪጅ ላይ የለጠፋችሁም አላችሁ። እኔ ግን ዛሬ የተነሳሁት ለማመስገን ነው። ወረርሽኙ ከገባ ጀምሮ የየስቴቱ ቢሮ ስለ ጤናችንና ስለሚገባን አገልግሎት በአማርኛ ሲጽፍልን ኖሯል። አንድም ሰው “እግዜር ይስጥልን” ሲል አልሰማሁም። ውለታ ቢስ ሕዝብ ነን።

እማማ የመንግሥት ወረቀት አይጥሉም። ቀበሌ ያስያዘቻቸው ልማድ ነው፤ አንድ ቀን “አምጪ” መባሉ አይቀርም ብለው። ከ2020 ጀምሮ የመጣላቸው በሙሉ ቁም ሳጥን አናት ላይ በአንድ ፌስታል ተቋጥሮ ተቀምጧል። አወረድነው። ቡና ፈላ። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። አዎ፣ ከአማርኛ ወደ አማርኛ።

ከሁሉም ሥር ያለው የመጀመሪያው ሰሞን ወረቀት ነው። ማርች 30 ቀን 2020 ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ በአንድ ቀን ሕዝቡን ከቤት አትውጡ አሉ። ሦስቱ እንዲህ በአንድ አፍ ሲናገሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ነገሩ ቀላል ነበር፦ ቤታችሁ ቁጭ በሉ። ልጅ ሆነን በቀን አሥር ጊዜ የሰማነው ቃል ነው። ወረቀቱ ግን “በቦታው ተጠለሉ” ይላል። እማማ ያነበቡት ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሆነው ነበር። “ታዲያ እዚሁ ልደር?” ብለው እንደነበር አስታወሱኝ።

ሁለተኛው ወረቀት ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። የፌስታሉ ዕንቁ እሱ ነው። በትልቁ፣ በቀይ፣ “ከሌሎች ሰዎች ስድስት እግር ይራቁ” ይላል።

ስድስት እግር። ብዙ አሰብንበት። ሰው ሁለት እግር አለው። ስለዚህ ስድስት እግር ሦስት ሰው ነው። በእኔና በእማማ መካከል ሦስት ሰው ይቁም ማለት ነው። እነዚያ ሦስቱስ? በየመካከላቸው ሌላ ሦስት ሦስት ሰው ይፈልጋሉ። እንዲህ እያልን ስንደረደር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን ባልቲሞር ገባን። ርቀት እንጠብቅ ብለን ታላቁ ሩጫን አዘጋጀን።

እማማ የተሻለ መላ አመጡ። አንድ ሰው ከአንድ በግ ጋር ስድስት እግር ነው። ጊዜውም ይገጥማል፤ የዚያን ዓመት ፋሲካ ኤፕሪል 19 ነበር። “ጾማችንን ዐውቀው በግ ሊያድሉን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር” አሉ። በጉ አልመጣም።

ሦስተኛው ፍቺ የኔ ነው። ስድስት እግር ያለው በረሮ ነው። ከበረሮ ይራቁ ማለታቸው ይሆናል። ጥሩ የጤና ምክር ነው፤ አይካድም። ችግሩ የኛ ሕንፃ በረሮ ወረቀቱን አላነበበም። እኛ ብንርቀው እሱ አይርቀንም። የቤት ኪራይ ከኛ እኩል የሚያዋጣ ይመስል ኩሽናው መሃል ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ማስክም አያደርግም።

ከመሃላችን አንድ የተማረ ሰው ነበረ፤ ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም። “በአማርኛ ጫማ ነው የሚባለው። ስድስት ጫማ” አለን። ልክ ነው። አብራሪው ሠላሳ ሺህ ጫማ ላይ ነን ይል የለ? እማማ ዞር ብለው በሩ ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ቆጠሩ። አራት ናቸው። “ሁለት ይጎድላል” አሉ።

ሲፈታ ሁለት ሜትር ግድም ነው። አንድ ሜትር ከ83 ሳንቲም። እማማ ግን ከሜትር ጋር አይስማሙም። ጨርቅ በክንድ ሲለካ እያዩ ነው ያደጉት። አንድ ሰው “አራት ክንድ ይራቁ” ብሎ ቢጽፍላቸው ኖሮ ወረቀቱን ሳይጨርሱ ይገባቸው ነበር። ክንዳቸውን ዘርግተው የቀረባቸውን ሁሉ ያባርሩ ነበር። አራት ክንድ። ሁለት ቃል። ለዚያውም በነጻ።

ወደ እጅ መታጠብ እንለፍ። “እርስዎ እጅህን ለ20 ሰከንድ በሳሙና ታጠቢ” ይላል። አንቱታው፣ ወንዱና ሴቷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ታጭቀዋል። ሦስት ሰው በአንድ ሳሙና። ርቀቱስ?

ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ ተራ ወጣልን። ጃንዋሪ 2021 ላይ 65 ዓመት የሞላው የሜሪላንድ ሰው ተራው 1ሲ ነበር። አንዱ ወረቀት እማማን 1ሲ ይላቸዋል፣ ሌላው 1ሐ ይላቸዋል። ሁለት ቦታ የተመዘገቡ መስሏቸው ተጨነቁ። እንደ ቀበሌ ራሽን፣ ሁለት ካርድ ይዞ መገኘት ያስከስሳል ብለው።

ርዕሱ አማርኛ፣ ውስጡ ትግርኛ የሆነም አለ። ፊደሉ አንድ ነው፣ ማን ያያል? ታች ፎቅ ላለችው ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤታችን ወሰድንላት። የሷን ብናየው አማርኛ ሆኖ ተገኘ። ተለዋወጥን። ሻይ ጠጥተን ወጣን። ስለ ርቀት የተጻፈ ወረቀት እንዲህ ሰው ሲያቀራርብ አይቼ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ አላየሁም፤ እገምታለሁ እንጂ። አንድ ቢሮ አለ። ቢሮው ውስጥ ምልክት የሚደረግበት ቅጽ አለ። ሕግ አለዋ! በ2000 የወጣው የፕሬዝዳንቱ ትዕዛዝ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ሁሉ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው መላ ይፈልግ ይል ነበር። ዲሲም በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አወጣች፤ አማርኛ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጎን ወንበር አገኘ። ሕግ ደግሞ ይተርጎም ነው የሚለው። ይግባ አይልም።

ስለዚህ ኃላፊዋ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጽሑፉን የትርጉም ማሽኑ ውስጥ ትከተዋለች። የሚወጣው ያምራል፤ ጭራና ቀለበት ያለው ፊደል ነው። ጠንቃቃ ስለሆነች ማጣራት ትፈልጋለች። ወደ ታች ትወርዳለች። በሩ ላይ አንድ አበሻ ጥበቃ አለ። “ይሄ አማርኛ ነው?” ትለዋለች። ያያል። ሀ አለ። ለ አለ። “የስ” ይላል። ቅጹ ላይ ምልክት ይደረጋል። የአንድ ሕዝብ ጤና ተጠበቀ።

የኛው ሰውም ከምስጋናው አይቀርም። ሥራውን ለማሽን ሳይሆን ለሰው የሚሰጥ ቢሮ ሲገኝ ከረባት ያሰረ ሊቅ ብቅ ይላል። እሱ ደግሞ “ተኅዋሲው በንክኪ አማካይነት የሚያስከትለውን መስተጋብራዊ ተጽዕኖ ለመግታት ይቻል ዘንድ” ብሎ ይጀምራል። እጅዎን ይታጠቡ ለማለት ነው። ማሽኑ ስለማያውቅ ነው። ሊቁ ግን እያወቀ።

እዚህ ጋ ሽሙጡን ላቁመው። አንድ ወዳጄ ታክሲ ነጂ ነው። ማርች 2020 ላይ ኤርፖርቱ ጭር አለ። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን የወጣው የፌዴራል ሕግ እንደሱ ለራሱ የሚሠራ ሰውም የሥራ አጥ ክፍያ እንዲያገኝ ፈቀደ። እስከ ጁላይ ማለቂያ በሳምንት 600 ዶላር ጭማሪ ነበረው። ገንዘቡን የሚያድለው ስቴቱ ነው። ገጹ አናት ላይ “አማርኛ” የሚል ቁልፍ አለ። ወዳጄ ነካው። ርዕሱ አማርኛ ሆነ። ጥያቄዎቹ እንግሊዝኛ እንደሆኑ ቀሩ። አንዱ ጥያቄ “ሥራ ቢገኝ ለመሥራት ዝግጁ ነህ ወይ?” የሚል ነበር። እሱ “አሁን እየሠራህ ነው ወይ?” መሰለው። “አይ” የሚለውን ነካ። በዚያች አንዲት ምልክት ክፍያው ተከለከለ። ሲደውል መስመሩ ተይዟል። አሥራ አንድ ሳምንት! ሦስት ልጆች አሉት። ኪራይ ተጠራቅሞበት፣ ሌሊት እየተነሳ ያንኑ ቁጥር ሲሞክር አይቼዋለሁ።

ይሄ የትርጉም ስህተት አይደለም። ንቀት ነው። በዚያው ሰሞን በየአረጋውያን መጦሪያው ሌሊቱን የታመመ ሲያገላብጡ የሚያድሩት እናቶቻችንና እህቶቻችን ነበሩ። “አስፈላጊ ሠራተኛ” ተብለዋል። አስፈላጊ ከሆኑ፣ የሚላክላቸውን ወረቀት አንድ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ቢያነበው ምን ነበረበት? በስፓኒሽ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። በ2021 መጀመሪያ የአንድ ጎረቤት ስቴት ገጽ ላይ ክትባቱ ግዴታ አይደለም የሚለው በማሽን ሲዞር ክትባቱ አያስፈልግም ሆኖ ተገኘ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ክረምት!

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርን።

እማማ ሁለተኛውን ሲኒ እየቀዱ “አሁንስ ይጽፉልናል?” አሉኝ። ማርች 1 ቀን 2025 እንግሊዝኛ የአገሩ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ነው መባሉን፣ ያ የ2000ው ትዕዛዝም አብሮ መሻሩን ነገርኳቸው። የዲሲው የራሷ ሕግ ስለሆነ አለ። ሌላው እንደየስቴቱ ነው። እማማ ፌስታሉን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉት። “ታዲያ ይሄ ቅርስ ሊሆን ነዋ!” አሉ።

ደብዳቤው ግርጌ ላይ ስልክ አለ። “ለአማርኛ 6ን ይግፉ” ይላል። ገፋን። ሙዚቃ። ደግሞ ሙዚቃ። ቡናው በረካ ደረሰ። ከዚያ አንዲት ሴት መጣች፣ በእንግሊዝኛ። “ምን ቋንቋ?” አለች። “አማርኛ” አልኳት። “አረብኛ?” “አይ፣ አማርኛ።” “ኦኬ፣ አረብኛ።” አንድ ሰውዬ “አሰላሙ ዓለይኩም” ብሎ ገባ። እማማ ድሮ ጂዳ ሠርተዋል፤ “ወዓለይኩም ሰላም” ለማለት አልተቸገሩም። ከዚያ ወዲያ ግን አላስኬደም።

እንደገና ሙዚቃ። በመጨረሻ አንድ የኛ ልጅ መጣ። “ጤና ይስጥልኝ እናቴ፣ አስተርጓሚ ነኝ” አለ።

የእማማ ፊት በራ። “ውይ በሞትኩት! ከየት ነህ ልጄ?”

“ከደሴ።”

“ደሴ! ደሴ የት?”

ፒያሳ አካባቢ ነው። የእማማ ባለቤት እኅት እዚያ ኖራለች። የልጁ እናት ተጠየቁ። ደህና ናቸው፤ ስኳር ብቻ ያስቸግራቸዋል። ለስኳር ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚጠጣ ተነገረው። አላገባም። ለምን እንዳላገባ ተጠየቀ። በመሃል ሴትየዋ “ምን አለች?” ትላለች። ልጁ በእንግሊዝኛ “ደህና ናት” ይላታል። ትንሽ ቆይታ እንደገና “ምን አለች?” ትላለች።

“በጣም ደህና ናት።”

ስልኩ ሲዘጋ እማማ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። “እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!” አሉ።

“ተኩሱስ? ለመቼ ቀጠሩዎት?” አልኳቸው።

“ውይ!” አሉና ፖስታውን ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት።