የዌጅውድ ሸክላ በባዕድ እጅ ነው የቆመው

ስለ ቤተሰብ ድርጅት ሲወራ «ሙያ በዘር ይጠበቃል» የሚል አይጠፋም። ለዚህ በምሳሌነት ከሚጠሩት አንዱ የእንግሊዙ የሸክላ ድርጅት ዌጅውድ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ሳየው የሚታየኝ ተቃራኒው ነው።

ጆሳያ ዌጅውድ እ.ኤ.አ. በ1730 በስታፎርድሺር፣ በርዝለም ውስጥ፣ ከሸክላ ሠሪዎች ቤት ተወለደ። አባቱ የሞተው ገና በልጅነቱ ነው። ሥራውን የወረሰው ታላቅ ወንድሙ ቶማስ ነበር። ጆሳያ እሱ ዘንድ ሙያውን ተማረ። ተምሮ ሲጨርስ ግን ወንድሙ ሸሪክ አላደረገውም። ብዙ ተራኪ ይህቺን ቶሎ ያልፋታል። ቤተሰቡ ካፈራቸው ሁሉ በሚበልጠው ላይ በሩን ዘጋበት ማለት እኮ ነው!

ስለዚህ ከሌላ ሸክላ ሠሪ፣ ከቶማስ ዊልደን ጋር በሽርክና ሠራ። በ1759 የራሱን ከፈተ። ልጅ ሳለ የያዘው ፈንጣጣ ጉልበቱን ጎድቶት ስለነበር የሸክላ መሥሪያውን በእግሩ እንደ ልብ ማዞር አይችልም። በ1768 እግሩ ጭራሽ ተቆረጠ። ትኩረቱን የሰጠው ለቅመማው ነው። የትኛው አፈር ከምን ጋር፣ በስንት ሙቀት? ሙከራውን ሌላ ሰው እንዳያነበው በምስጢር ምልክት ይመዘግብ ነበር። በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ምስል የሚለጠፍበት ዝነኛው ጃስፐር የተባለው ሸክላ የተገኘው ከሺዎች ሙከራ በኋላ ነው።

መሸጥም ያውቅበታል። ንግሥት ሻርሎት የክሬም ቀለም ያለውን ዕቃ ስታዝዘው «የንግሥቲቱ ዕቃ» ብሎ ሰየመው። ከዚያ በኋላ ማን ሌላ ይገዛል? ለሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ደግሞ እንቁራሪት የተሳለችበት፣ ከ900 በላይ ቁራጭ ያለው የገበታ ዕቃ ሠርቷል። በዚህ ሁሉ አጠገቡ የነበረው የሊቨርፑሉ ነጋዴ ቶማስ ቤንትሊ ነው። ዘመዱ አይደለም።

ጆሳያ በ1795 ሲሞት ወራሾቹ ልጆች ለጭቃው ብዙም ጉጉት አልነበራቸውም። ጆን ወደ ባንክና ወደ አትክልት አደላ። ቶም ኬሚስትሪ ወደደ። ፋብሪካው የደረሰው ዳግማዊ ጆሳያ የገጠር ባላባት ኑሮ ይስበው ነበር። እርግጥ ገንዘቡ ከንቱ አልቀረም። ቻርልስ ዳርዊን በእናቱ በኩል የጆሳያ የልጅ ልጅ ነው፤ ሚስቱም ከዚያው ቤት ናት። ደመወዝ ሳያሳስበው ዕድሜ ልኩን ያጠናው በቤተሰብ ሀብት ነው። ለዓለም ጥሩ ትርፍ ነው፤ ለፋብሪካው ግን አይደለም።

የኋለኛውን ላሳጥረው። በ1986 የአየርላንዱ የክሪስታል ብርጭቆ ኩባንያ ዋተርፎርድ ገዛው፤ በ2009 ሁሉም ከሰረ። የሚገርመው የድርጅቱን የቆዩ ሸክላዎች ስብስብ የያዘው የዌጅውድ ሙዚየም ነገር ነው። ጥቂት ሠራተኞቹ በኩባንያው የጡረታ ፈንድ ውስጥ ስለነበሩ የፈንዱ ጉድለት፣ 134 ሚሊዮን ፓውንድ፣ እሱ ላይ ወደቀ። ፍርድ ቤትም በ2011 ስብስቡ ለዕዳው ሊሸጥ ይችላል አለ። በ2014 የእርዳታ ጥሪ ተደረገ። ከተቋማትና ከሺዎች ተራ ሰዎች በተገኘ 15.75 ሚሊዮን ፓውንድ ስብስቡ ተገዝቶ ለለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተሰጠ። ዛሬም ለዕይታ የሚቀርበው እዚያው ስታፎርድሺር፣ ባርላስተን ነው።