ብሎኑ ከተገዛ ነርቭ የሚጠብቀውም ይገዛ

«ጀርባህን በቢላ እንዳታስነካ፣ ሽባ ሆነህ ትቀራለህ!» ለዲስክ ሕመም ኦፕራሲዮን የታዘዘለት ሰው ከዘመድ ከጎረቤት መጀመሪያ የሚሰማው ይሄንን ነው። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሕብለ ሰረሰር፣ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ውፍረቱ የትንሿን ጣት ያህል ነው፤ ከአንገት በታች ላለው አካል የሚሄደው ትዕዛዝ ደግሞ አብዛኛው በሱ ያልፋል።

ግን ነርቭ የሚጠብቅ መሣሪያ አለ። የተኛ ሰው «አመመኝ» አይልም፤ መሣሪያው በሱ ፈንታ ይናገራል። ከራስ ቅል ላይ ለቅጽበት ኤሌክትሪክ ይላካል፣ የእግር ጡንቻ መመለሱ በስክሪን ይታያል። ምልክቱ ድንገት ከደከመ ሐኪሙ ሥራውን ያቆማል፤ የደም ግፊቱ ወርዶ እንደሆነ ይታያል፣ አጥንቱ ከልክ በላይ ተስቦ ከሆነ ይላላል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አከርካሪውን ለማጽናት የሚገባው ብሎን ፍተሻ ነው። ብሎኑ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ ሐኪሙ ጫፉ ድቡልቡል በሆነ ዘንግ ነካ ያደርገውና ጥቂት ኤሌክትሪክ ይለቃል። አጥንቱ ዙሪያውን ደህና ከሆነ ነርቩን ይከልለዋል። የታችኛው ጀርባ ላይ ከ8 ሚሊአምፔር ባነሰ ኤሌክትሪክ የእግር ጡንቻ ከዘለለ ግን ብሎኑ አጥንቱን ቀዶ ወደ ነርቩ ተጠግቶ ይሆናል፤ ይወጣና እንደገና ይታያል። ይሄ ሁሉ በሽተኛው ሳይነቃ ነው!

ማሽን በሌለበትም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሐኪሞች በሽተኛውን ኦፕራሲዮኑ መሃል ላይ ቀስቅሰው «እጅህን ጨብጥ፣ አሁን እግርህን አንቀሳቅስ» የሚሉበትን ዘዴ አሳተሙ። ዛሬም ይሠራበታል።

ጀርባቸው ክፉኛ የጎበጠ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ዓመት በሠራው አሜሪካዊ ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ በኩል ጋና፣ አክራ ድረስ ሄደው ታክመዋል። የጎበጠ ጀርባ ሲቃና ሕብለ ሰረሰሩም አብሮ ስለሚሳብ፣ ጥበቃው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሕክምና እዚሁ አገራችን እንዲስፋፋ ከፈለግን የብሎንና አከርካሪውን ደግፎ የሚይዘው ዘንግ በጀት ሲያዝ የነርቭ መጠበቂያው መሣሪያም አብሮ ይያዝ። ማሽኑ ብቻውን ደግሞ ዋጋ የለውም። ስክሪኑን የሚያነብ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ማደንዘዣ ሰጪውም ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት በዚያ ሰዓት ከሰጠ ምልክቱ ይጠፋልና ስክሪኑን ከሚያነበው ሰው ጋር መናበብ አለበት።

እናንተም ለአከርካሪ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ከያዛችሁ «ዶክተር፣ ነርቤን በምን ነው የምትጠብቁልኝ? ስክሪኑንስ ማን ያየዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአንዳንድ ቀላል ኦፕራሲዮን መሣሪያው ላያስፈልግ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ምክንያቱ ተነግሯችሁ ግቡ።