ይድረስ ለጠፋኸው ብሎን

ከሰፈራችን መጫወቻ ሜዳ፣ ከዥዋዥዌው ላይ ለጠፋኸው ብሎን፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ሙቀቱ እንደሆነ የድሬ ነው፣ ታውቀዋለህ።

«አንተ» ስልህ አትቀየመኝ። ሰባት ወር ሙሉ ስንት ማህተም ያስመታ ሰው «እርስዎ» ቢባል አይበዛበትም ነበር።

የወለቅክ ዕለት እዚያው ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ተቀምጣበታለች። ሰንሰለቱ ከላይ ቋ አለ፣ መቀመጫው ዘመም አለ፣ ልጅቷ ዱብ። እውነት ለመናገር ያሳመማት ያንተ መውለቅ አይደለም፣ ከሥር ያለው ሲሚንቶ ነው። ዱሮ አሸዋ ነበረበት። በልጆች እግር ተጠርጎ ተጠርጎ አልቆ ሲሚንቶው አገጠጠ። እንዲህ ካለ መጫወቻ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የላላ አሸዋ ያስፈልጋል። ይህ የሚጎድለው የት መሰለህ? ደቻቱ አፍንጫ ሥር! ዝናብ ካልጣለ ውሃ የማይታይበት፣ ዳር እስከ ዳር አሸዋ የተኛበት ወንዝ አጠገብ። ድሬ ተቀምጦ አሸዋ ጠፋ ማለት ሐረር ሄዶ ጅብ አጣሁ እንደማለት ነው።

መጥፋትህን ሁላችንም ወዲያው አሳወቅን። ለማን? እርስ በርሳችን። ሻይ ቤት አወራነው፣ ጫት ላይ ደገምነው። አንዱ ፎቶህን፣ ማለቴ የቀዳዳህን ፎቶ፣ የሰፈሩ ቴሌግራም ላይ ለጠፈው። አርባ ሰው የሚያለቅስ ፊት አስቀመጠበት። ቢሮ የሄደ ግን አንድም ሰው የለም። ሁሉም ሌላው የነገረ መስሎታል።

በሦስተኛው ሳምንት እኔ ሄድኩ። የቢሮውን ስም አልጠራም፣ ነገ ለሌላ ጉዳይ እፈልገዋለሁ።

«ምንድነው የተበላሸው?» አለኝ ልጁ።

«ዥዋዥዌው።»

«የትኛው?»

«በስተቀኝ ያለው።»

«ከየት ሲታይ በስተቀኝ?»

አቦ፣ ልክ ነው! መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ፎቶ አነሳሁ፣ ቦታውን ከሩቅ፣ ቀዳዳውን ከቅርብ። ቀኑን ጻፍኩ። «ባለ 12 ብሎን፣ በ19 ቁልፍ የሚፈታ፣ ከነዳዶው ከነሮንዴላው፤ ልጅ ወድቆበታል» ብዬ በዝርዝር አቀረብኩህ። ለኔ እንኳን እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም።

ደብዳቤው ገቢ ሆነ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ወደ ሌላ ክፍል ተመራ። ያ ክፍል «እኛ አረንጓዴውን እንጂ ብረቱን አናይም» ብሎ መለሰው። ዥዋዥዌው የተቀባው አረንጓዴ ነው ብዬ ለመከራከር ሞክሬያለሁ። አልሰራም። ብረቱን የሚያየው ክፍል ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። በባጃጅ ስመላለስ ባወጣሁት ብር አንተንና ዘመዶችህን በካርቶን እገዛ ነበር።

የሚገርመኝ ከተማዋ ናት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ የወለዳት ድሬዳዋ! የምድር ባቡር ጋራዥ የባቡር መለዋወጫ በቶርኖ ቀርጾ ያወጣባት ድሬ! ሰፈራችን ውስጥ ከዚያ ጋራዥ ጡረታ የወጡ አባት አሉ። አንድ ቀን ወረቀት ይዤ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የሚያመላልስህ ብሎን ነው አሉ?»

«አዎ አባባ።»

«እኔ ቤት በጣሳ ሙሉ አለኮ።»

ልቤ ዘለለ። «ታዲያ አሁኑኑ እንግጠመዋ!»

ሻያቸውን ፉት አሉ። «አይ፣ የመንግሥት ንብረት ነው። ነገ ልጅ ቢወድቅ ማን ነካካው ይባላል?»

እኔም ዝም አልኩ። ለካ እኔም ፈሪ ነኝ።

ልጆቹ ግን አልፈሩም። በማዳበሪያ ገመድ አሰሩት። ሁለት ቋጠሮ፣ አንዱ ላላ ያለ፣ በየቀኑ በጥርስ የሚጠብቅ። ስለ ሸርተቴው አላነሳብህም። ቀትር ላይ ላሜራው ስለሚጋል በሃይላንድ ውሃ እያፈሰሱ ነው የሚንሸራተቱት። እሱ የራሱ ደብዳቤ ይጻፍለታል፣ ጉልበት ካገኘሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሁለት ሰዎች መጡ። ቅጽ ይዘዋል፣ ሜትር ይዘዋል። ከፍታውን ለኩ። ገመዱን አዩት፣ ጎተት አደረጉት፣ ያዘላቸው። ፎቶ አንስተው ቅጹ ላይ ጻፉ። በትከሻቸው አሾልኬ አነበብኩት፦ «በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ተጠግኗል።»

እንግዲህ ወንድሜ፣ በወረቀት ደረጃ አልጠፋህም። ልመለስ ካልክ ግን ማታ ማታ ሁን፤ ቀን ዘበኛው «ፈቃድ አለህ ወይ?» ይልሃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዳዶው
ለሮንዴላው
ባሉበት