ያልመጣውን ታካሚ ማን ይፈልገው?

ባለፈው ወር አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ የምደባ ደብዳቤውን ይዞ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ከምናዘወትረው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አገኘኝ። የማህበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና ሕክምና ቡድን መሪ ሆኖ ተመድቧል። ሁለት የሳይካትሪ ነርሶች፣ አንዲት የማህበራዊ ሥራ ባለሙያና ከየቀበሌው የተውጣጡ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በእሱ ሥር ይሆናሉ። ደስ ብሎታል፤ ፈርቷልም። «ጋሼ፣ ከምን ልጀምር? የዕቅዱን ቅጽ ይዤዋለሁ፤ ያዩልኛል?» አለኝ።

ቅጹን ሳልከፍት አንድ ነገር ጠየቅሁት። «በዚህ ወር የሕመሙን መድኃኒት በመርፌ የሚወስድበት ቀን ደርሶ ያልመጣው ስንት ሰው ነው? ስማቸውስ ማን ማን ይባላል?»

ዝም አለ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። በክትትል መዝገባችን ላይ የሚጻፈው የመጣው ሰው ነው፤ የቀረው ሰው የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ለእኔ ግን የቡድን መሪነት የሚጀምረው ከዚያ ከሌለው ዓምድ ነው። በዚህ ሥራ ፀጉሬ ሸብቷልና ያመንኩበትን ሳልሸሽግ ልጻፍ፦ የአእምሮ ጤና ቡድን መሪ ዋና ሥራው ያልመጣውን ታካሚ መፈለግ ነው። ዕቅዱም፣ ሪፖርቱም፣ ስብሰባውም ለዚህ ካልጠቀሙ የሰው ጊዜ ይበላሉ እንጂ ሌላ አይፈይዱም።

ወባ የያዘው ሰው ሲብስበት ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ጥርሱን ያመመው ሌሊቱ እስኪነጋ አያስችለውም። ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሲብስበት ይርቃል። መድኃኒቱ መርዝ፣ ነርሷ ከጠላቶቹ ጋር ያበረች ይመስለዋል፤ አለዚያም እንዳልታመመ ከልቡ ያምናል። ድባቴ የጣላት ሴትም ከአልጋ መነሳት ስላቃታት ትቀራለች። ስለዚህ በቀጠሮ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰልፈው የምናያቸው ሰዎች በአመዛኙ ሻል ያላቸው ናቸው። በጣም የታመመው ጓዳ ተኝቷል፣ ወይም ባቡር ጣቢያው አካባቢ ጥላ ፈልጎ ተጋድሟል፣ ወይም ታስሯል።

ፍለጋው ለአገራችን የጤና ሥርዓት እንግዳ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ቤቱ ድረስ የሚሄድለት ሰው አለ። የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ሲስፋፋም ቀጠሮ ላለፈበት ሰው የሚደውልና ደጁን የሚያንኳኳ ሠራተኛ ተመድቦ፣ ስንቱን ከሞት አፍ እንደመለሰ በዓይናችን አይተናል። ለአእምሮ ሕሙማን ሲሆን ይህ ለምን እንደ ትርፍ ነገር እንደሚታይ አይገባኝም።

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን በምትባል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ እነ ሊዮናርድ ስታይንና ሜሪ አን ቴስት በዚሁ ጉዳይ ተጨንቀው ነበር። ሆስፒታል ተኝተው የተሻላቸው ሰዎች ከወጡ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ይገባሉ። ስለዚህ ሠራተኞቹን ከተኝቶ ማከሚያው አውጥተው ታካሚው ወደሚኖርበት ሰፈር ላኳቸው። ሠራተኞቹ ከታካሚው ጋር ገበያ ይወጣሉ፣ ልብስ ማጠቡንና ምግብ ማብሰሉን አብረውት ይለማመዳሉ፣ መድኃኒቱንም እዚያው ያደርሱለታል። ከዚያ የተወለደው አሠራር ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ለአንድ ባለሙያ የሚደርሰው 10 ያህል ታካሚ ነው። ታካሚው የአንዲት ነርስ ብቻ ሳይሆን የመላው ቡድን ነው። ቡድኑ ከሞላ ጎደል በየማለዳው ተሰብስቦ ስለ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ይነጋገራል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ለመሪው የተቀመጠው ሕግ ነው፦ መሪው ራሱ ታካሚ ያያል፤ የሥራ ሰዓቱን ግማሽ ያህል ከታካሚዎች ጋር እንዲያሳልፍ ይጠበቅበታል።

ለአንድ ባለሙያ አሥር ታካሚ ለእኛ የሩቅ ምኞት ነው፤ አንዲት ነርስ በአንድ ጠዋት ከዚያ የበለጠ ሰው ታያለች። የማለዳው ስብሰባና ታካሚ የሚያይ መሪ ግን የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም።

ስለ መሪው ይህን ያህል የማከርረው እኔ ራሴ አጥፍቼ ስለተማርኩ ነው። መሪ በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት ቢሮ ተቀመጥኩ። አንድ ቀን አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጥታ «ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አንድ ግቢ ውስጥ ሰው ታስሯል፤ እናቱ ደግሞ አያስገቡኝም» አለችኝ። በጽሑፍ አቅርቢ አልኳት። አቀረበች። እኔም ለበላይ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ደብዳቤ ስንጻጻፍ ሰውየው እዚያው ታስሮ ነበር። አራተኛው ሳምንት ላይ አፈርኩና ከእሷ ጋር በእግሬ ሄድኩ።

ግቢው ጠባብ ነው። ከበሩ በስተግራ የውሃ በርሜል፣ ከበርሜሉ ጀርባ የቆርቆሮ ክፍል አለ። ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰንሰለቱ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፤ በብረቱና በቆዳው መካከል ግን የሽርጥ ቁራጭ ተጠቅልሎበታል። እንዳይልጠው እናቱ ያደረጉለት ነው። ሁለት ቁራጭ አላቸው፤ አንዱን ሲያጥቡ ሌላውን ያስሩለታል፤ የታጠበው ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። የቁልፉን ክር አንገታቸው ላይ አጥልቀውታል። «ሁለት ጊዜ ወደ ሐዲዱ ሮጦብኛል፤ አንድ ቀን ደግሞ የሰፈር ልጆች በድንጋይ ፈንክተው መለሱልኝ» አሉ። ቀጠሉና «ቁልቢም ወስጄዋለሁ፣ ቁርዓንም አስቀርቼበታለሁ። የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እናንተም ይኸው ዛሬ መጣችሁ» አሉኝ። ያ «ዛሬ» የሚለው ቃል እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

እኚህን እናት ስለ ሰብዓዊ መብት ላስተምራቸው አልደፈርኩም። ከእኔ ይልቅ ልጁን ሲጠብቁት የኖሩት እሳቸው ናቸው። ሕክምናው በዚያው ሳምንት ተጀመረ፤ ሥራውን እስኪሠራ ግን ሳምንታት ይወስዳል፤ በዚያ መሀል ምን ይደረግ? ነርሱ ጠዋት ጠዋት እየሄደ አጠገቡ ሲቀመጥ እናቱ ለአንድ ሰዓት ቁልፉን ሊከፍቱ ተስማሙ። ቆይቶ ሁለት ሰዓት ሆነ። ነርሱ በእነዚያ ጠዋቶች ከተመላላሽ ክፍል እንዲቀር የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ መድኃኒት ቤቱን ቀድሜ የጠየቅሁትም፣ ድንጋይ ስለሚወረውሩት ልጆች የሰፈሩን እድርና አፎቻ (እንደ እድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌዎች ያነጋገርኩትም እኔው ነኝ። ከእነዚህ አንዱንም አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብቻዋን ልታደርገው አትችልም፤ ሥልጣን ይጠይቃል። መሪ የተባልነውም ለዚሁ ነበር። ልጁ ዛሬ ቀፊራ ገበያ ከአጎቱ ጋር ሽንኩርት ይሸጣል። ሁለት ጊዜ አገርሽቶበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ የደረስንበት ከቀጠሮው አንድ ሳምንት ሳያልፍ ነው።

ቤት ለቤት መሄድ ቢሮ ተቀምጦ የማይታወቅ ነገር ያስተምራል። የድሬዳዋን ፀሐይ እንውሰድ። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። መርፌው የሚያመጣውን መንቀጥቀጥና የሰውነት መገተር ለማስታገስ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ደግሞ ላብን ይቀንሳል፤ ማላብ ያቃተው ሰውነት በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ጭነት ሲሸከም ቢውል ለአደጋ ይጋለጣል። ይህን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ማለፍ አይበቃም፤ ታካሚው ቀን የት እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል። ረመዳን ሲቃረብም እንዲሁ ነው። የቀኑ ክኒን ወደ ኢፍጣርና ወደ ሱሁር ሰዓት ይዞር እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ጾሙ ሳይገባ ነው፤ አለዚያ ሰውየው ለማንም ሳይናገር በገዛ ፈቃዱ ያቋርጠዋል። የጉብኝት ሰዓትም ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ ከተማው በሩን ይዘጋል፤ ብዙ ሰው በርጫ ላይ ነው። ጫት ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ለሚሰማው ታካሚ ሕመሙን ሊያባብስበት እንደሚችል እናውቃለን። ቢሆንም ወንድሞቹም ጎረቤቶቹም በሚቅሙበት ቤት «ተው» ብሎ መውጣት ምክር አይባልም። ስንት ይቅማል፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በኋላ ስንት ሰዓት ይተኛል ብሎ በትዕግሥት መጠየቅና በጥቂት በጥቂቱ ማስቀነስ ይሻላል።

ቋንቋውስ? በዚህ ከተማ አንድ ሰው በአማርኛ «እብድ»፣ በኦሮምኛ «ማራታ»፣ በሶማሊኛ «ዋሊ» ተብሎ ሊሰደብ ይችላል፤ ሦስቱም እኩል ያቆስላሉ። መሪው ጉብኝት ሲደለድል ማን በየትኛው ቋንቋ የልቡን ሊናገር እንደሚችል ማሰብ አለበት። የታመመችውን እናት በአሥር ዓመት ልጇ አስተርጓሚነት ስለ ራሷ ሞት የምታስበውን መጠየቅ በልጅቷ ላይ የሚሠራ ግፍ ነው። ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ ልጅቷ የእናቷን ቃል ሳትተረጉም አለቀሰች።

የከተማው ሐዘንም አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ጎርፉ የሚመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት እንኳ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ክረምት በገባ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። ቡድኑ እነማን እንደሆኑ አውቆ ከሐምሌ በፊት ሊጎበኛቸው ይገባል።

አሁን ስለ ባለሙያዎቹ ልናገር፤ ስለ እነሱ የሚጽፍ ብዙ ሰው አላየሁም። አንድ ጊዜ ስንከታተለው የነበረ ሰው በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ሲከታተለው የነበረው ነርስ በማግስቱ ጠዋት መጣ፣ ነጭ ጋወኑን ለበሰ፣ ታካሚ ማየት ጀመረ። ስሙን አላነሳም፤ ማንም ከሥራ አላስቀረውም። ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ዓይኑን ተክሎ እንደተቀመጠ አገኘሁት። «ሰኞ ዕለት ደህና ነኝ ብሎኝ ነበር» አለኝ። በዚያ ቀን መሪ ምን ያድርግ? እኛ ክሊኒኩን ቀደም ብለን ዘጋን፣ ቡድኑ በሙሉ አብሮ ተቀመጠ፣ ማንም ማንንም አልወቀሰም፤ በማግስቱ አብረን ለቅሶ ደረስን። የሟቹ አባት ነርሱን አቅፈው አለቀሱ። ያ ነርስ ዛሬም በሥራው ላይ ነው። እንደ እሱ ያለ ሐዘን ደርሶባቸው ግን የሚጠይቃቸው መሪ ስላጡ ሥራውን ጥለው የሄዱ ጥሩ ጥሩ ባለሙያዎች አውቃለሁ፤ ከነሱ ጋር ብዙ ዓመት የተለፋበት ልምድ አብሮ ሄዷል።

«ሰው የለንም፣ በጀት የለንም» የሚለውን መልስ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሐሰት ነው አልልም። ለረጅም ዘመን አገሪቱ የነበራት የአእምሮ ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ የድሬዳዋና የሐረር ቤተሰብ የታመመ ልጁን ይዞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝ ነበር። ዛሬ እዚሁ ሕክምና አለ፤ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚሁ ድሃ አገር፣ በጉራጌ አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተካሄደና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት መኖሩን መርሳት የለብንም። የጤና ሙያ ያልነበራቸው፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ስኪዞፍሬኒያ ወዳለባቸው ሰዎች ቤት እየሄዱ ደገፏቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ እነዚህ ታካሚዎች በጤና ተቋም ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ይመሩ ነበር። እዚያ ከተቻለ ባጃጅ በየመንገዱ በሚሮጥበት፣ ሰፈሩ ከሰፈር በእግር በሚገናኝበት በድሬዳዋ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከከተማ አስተዳደሩ ጤና ቢሮ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለቡድኑ የባጃጅ ሒሳብ ይመደብለት፤ ዛሬ ነርሶች ከኪሳቸው ይከፍላሉ። መሪው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጠዋት ሰፈር ለሰፈር እንዲውል ይፈቀድለት፣ በእነዚያ ሰዓታትም ለስብሰባ አይጠራ። መሪ ሲመረጥ ደግሞ ዲግሪው ብቻ አይታይ፤ አሥር ዓመት በዚህ ሥራ የቆየች የሳይካትሪ ነርስ ካለች ትምራ፣ ሐኪሙም ይደግፋት። የግምገማው ቅጽ ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ስብሰባ ተካሄደ ብሎ ይቆጥራል። ከቀሩት ታካሚዎች ስንቱ ተገኘ የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት። መሪዎች የሚለኩበትን ነገር ይሠራሉ፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ወጣቱ ባልደረባዬ ከሻይ ቤቱ እንደተለያየን መዝገቡን ከፍቶ አመሸ። በሳምንቱ ደወለልኝ። የአራት ወር ገጾችን እያገላበጠ ሃያ ሦስት የቀሩ ሰዎች ስም አውጥቷል። ዘጠኙ በስልክ ተገኝተዋል፤ ከነሱ አምስቱ በዚያው ሳምንት መጥተው መርፌያቸውን ወስደዋል። ከዘጠኙ አንዷ ወልዳለች፣ መድኃኒቱ ልጇን እንዳይጎዳባት ፈርታ ነው የቀረችው፤ ከሐኪም ጋር ሊያገናኛት ቀጠሮ ይዟል። ሁለቱ ከከተማ ወጥተዋል። የአሥራ ሁለቱ ስልክ አይሠራም።

«ነገ በአንድ ሰዓት ገንደ ቆሬ ሰፈር እንገባለን፤ ኦሮምኛ የምትችለው ነርስ አብራኝ ትሄዳለች» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ አንደኛው ቤት የት እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል አሉ፤ ይመጣሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

እሄዳለሁ አልኩት።