«ጸዳ» ያልነው መንገድ

የአዲስ አበባ ሰዎች፣ ያንን ሌሊት ረስታችሁት ይሆናል። እኔ ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም።

እንግዳ ይመጣል ተብሎ አስፋልቱ በታጠበበት ሳምንት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የጭነት መኪና መጥቶ በረንዳው ላይ የተኙትን አፍሶ ጫነ። ከተጫኑት አንዱ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ 3ኛ ወሩን ይዟል። ሕክምናው 6 ወር ነው፤ 2 ወር 4 ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር 2 ዓይነት፣ ሳይቋረጥ። ኪኒኑና የጤና ጣቢያ ካርዱ በፌስታል ተጠቅልለው ካርቶኑ ሥር ነበሩ። «መድኃኒቴን ላንሳ» ብሎ ለመነ። ማን ሰምቶት! ሲነጋ ካርቶኑም ብርድ ልብሱም ፌስታሉም በቆሻሻ መኪና ሄዱ።

ያን ዕለት ጠዋት መዝገብ የያዘ ሠራተኛ መጥቶ በመንገዱ የሚያድረውን ቆጠረና «0» ብሎ ጻፈ። እኛስ? ሱቃችንን ከፍተን «እፎይ፣ ጸዳ» አልን።

ከ5 ሳምንት በኋላ ሰውየው ደም እያሳለ በእግሩ ተመለሰ። እንዲህ የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የማይበግረው ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። የጤና ጣቢያዋ ባለሙያ ልትፈልገው ስትመጣ ስሙን የሚያውቅ ከመካከላችን ጠፋ። ስንት ዓመት ዕቃ ያሸከምነው ሰው! እኔም አላውቀውም ነበር፤ አፍራለሁ።

አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ነው። ያኔ ከእናቱ ጋር በረንዳ ያደረ ሕፃን ዛሬ ጢም አብቅሏል።

የጎዳና አዳሪ ቆጠራ ከተባለ በሌሊት ነው፣ ከ7 እስከ 10 ሰዓት። በቀን ከሆነ ማታ ኪራይ ቤቱ የሚገባው ለማኝ ይደመራል፣ ሸክም ላይ የዋለው ይቀራል። ወረዳው በቀጠና ተከፍሎ ለየቀጠናው ሁለት ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ ጎዳና የኖረ ይሁን፣ ከድልድይ ሥርና ከቱቦ ውስጥ ማን እንደሚያድር የሚያውቀው እሱ ነውና። ሁሉም በአንድ ሌሊት ይውጡ፤ አለዚያ ቦታ የቀየረ ሰው ሁለቴ ይቆጠራል። ፖሊስ አይከተል፣ የተኛ አይቀስቀስ። ሳንቲም ያገኘ በዝናብ ቀን ቤርጎ ስለሚያድር የዚያን ቀን ቁጥር አትመኑት። ከአፈሳ ማግስት የተቆጠረማ ውሸት ነው።

ቁጥር ብቻውን ደግሞ ማንንም ቤት አያስገባም። ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ሕመም፣ ጎዳና ያወጣው ምክንያት ይመዝገብ። በየወሩ ስንት አዲስ እንደወጣ፣ ስንቱ ቤት እንደገባ፣ ስንቱ ተመልሶ እንደወደቀ ይታይ። 10 አስገብታችሁ 15 ከወጣ መንገዱ አይጎድልም። አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አገሩ የተላከውም፣ ዘመድ ካልታረቀውና መተዳደሪያ ካላገኘ፣ ይመለሳል።

እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል። በቁሙ ላለው የ3 ወር የቤት ኪራይ ማዋጣት እንዴት አቃተው? ከተፈናቃይነት ወደ በረንዳ የሚወርደውን ቤተሰብ ልታድነው የምትችለው ይቺው ኪራይ ናት።

ሰውየው ሕክምናውን እንደ አዲስ ጀምሯል፣ ማደሪያው ያው በረንዳ ነው። ኪኒኑን የምታስቀምጥለት ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ናት። ስሙንም ቀድማ የጠየቀችው እሷ ናት። ምናልባት ከእሷ መጀመር ይቻል ይሆናል።